ሰባት ቁጥር ፍላሽ

ወንድሜ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ነው። ቀን ማሽን ሲፈታ ይውላል፤ ሲመለስ ምድር ቤት ባለችው ዕቃ ቤታችን ተወሽቆ ሙዚቃ ይሠራል። ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው ብትሉኝ፣ ለኔም እስኪገባኝ አራት ዓመት ፈጅቷል። የማሽን ሽክርክሪት አለበት፣ የሠርግ ከበሮ አለበት፣ ፎቅ ላይ ያለችው ስደተኛ ጎረቤታችን ልጇን ስታስተኛ የምታንጎራጉረው አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ ደረት የሚደልቅ የኮምፒውተር ምት። ግራ ያጋባል፣ ግን ያስጨፍራል። እኔ ራሴ ደረጃው ላይ ቆሜ ስሰማ ወገቤ አላስቆም ብሎኛል።

ችግሩ፣ የሰማነው እኔና አይጦቹ ብቻ ነን። የሰፈሩ መጨፈሪያ አንድ ነው፣ የሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ። የአዳራሹ ሙዚቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደግሞ አባታችን ነው። ሠላሳ ዓመት በፖሊስ ማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፍቷል፤ ጡረታ ሲወጣ ያልወጣለት ነገር ማዘዝ ነው። ሙዚቃዬ በአዳራሹ ይከፈትልኝ የሚለውን የወንድሜን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ፣ ሙዚቃውን ሳያዳምጥ ጥሎታል። “ማሽን ይጠገናል እንጂ አይጨፈርበትም” አለና በራሱ ቀልድ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዘንድሮ ግን ኮሚቴው በአድልዎ እንዳይታማ የሙዚቃ ምርጫው የአቅራቢው ስም ቀርቶ በቁጥር ይሁን ተባለ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ። ወንድሜ ሰባት ቁጥር ፍላሹን ሲሰጠኝ፣ “ትራምፔት ጨምሬበታለሁ” አለኝ።

“የማንን?”

“የአባባን። እሁድ እሁድ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲለማመድ በግድግዳው በኩል ቀድቼው።” ክንዴን ያዘኝ። “እንዳትነግሪው፣ አደራ! ራሱ ይስማው። አንድ ቀን ሰው ሲጨፍርበት ልይ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ማልኩለት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ አባቴ፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና አንዲት ጡረተኛ የታሪክ መምህርት። ሁለቱ ስለ ሙዚቃ የሚያውቁት አባቴ ያለውን ነው። ሰባት ቁጥርን ስከፍተው የሐኪሙ እግር ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይመታ ጀመር። የመምህርቷም ትከሻ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ትራምፔቱ ሲገባ አባቴ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

“ይሄን የነፋው ማነው? ትንፋሽ የለው፣ ምት አይጠብቅ! ይሄ ትራምፔት ነው? የአውቶቡስ ጡሩምባ እንጂ! ያስተማረው ሰው መታሰር አለበት።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህን ያህል ባዳ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

“እኔም ጥርሴን አጠረሰኝ” አለ ሐኪሙ፣ እግሩን ሰብስቦ።

“ባህል መበረዝ ነው” አሉ መምህርቷ።

“ጻፊ” አለኝ አባቴ። “ሰባት ቁጥር ወድቋል።”

እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። “አባባ፣ የነፋኸው አንተ ነህ! ልጅህ ነው የቀዳህ!”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አደራ በላሁ።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። “እስቲ ድገሚው” አለ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። “ትራምፔቱማ… ትራምፔቱማ ሌላ ነው። ያ ድብልቅልቅ ነው የሸፈነው።”

“እኔም ያልኩት ድብልቅልቁን ነው እንጂ” አለ ሐኪሙ።

መምህርቷ እንባ አቀረሩ። “ቅርስ ነው!” አሉ።

ሰባት ቁጥር በሙሉ ድምፅ አለፈ። ውሳኔውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፦ ከበሮው፣ የማሽኑ ድምፅ፣ የሴትዮዋ እንጉርጉሮና የኮምፒውተሩ ምት ወጥተው፣ ትራምፔቱ በባለቤቱ በአካል እንዲቀርብ።

በሳምንቱ አዳራሹ ሞላ። ጭፈራ ስለሌለ ወንበር ተደርድሯል። አባቴ የድሮ የደንብ ልብሱን አስተኩሶ አንድ ሰዓት ሙሉ ነፋ፤ ሰው እያዛጋ አጨበጨበ። ሲጨርስ፣ የማይክራፎን ገመድ ሲጎትትለት የዋለውን ወንድሜን ወደ መድረኩ ጠርቶ አቀፈው።

“ልጄ ሙዚቃ አይገባውም ነበር” አለ በማይክራፎን። “ይኸው ገባው!”

በዚያ ቀን የሞቀ ጭብጨባ ያገኘው ይሄ ብቻ ነው።

ቤት እንደደረስን ወንድሜ ምድር ቤት ወረደና ወዲያው ተመለሰ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከምድር ቤቱ የሚሰማው የአይጦቹ ድምፅ ብቻ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።