የአርብ ቸኮሌት

አርብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዓረብ አገር ኸይጣን በሚባል ሰፈር፣ እነ ሰብለወንጌል ቤት የሚሰበሰቡት ሴቶች ሁሉ ጿሚ ናቸው። ከየማዳሞቻቸው ቤት የሚያመጡት ቸኮሌት ደግሞ ወተት አለበት። ታዲያ ማን ይብላው? ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ ጾም ያልጀመረች አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ የሰብለወንጌል ልጅ ሜሮን። የሁሉንም ድርሻ እሷ ስትበላላቸው ከረመች።

ቸኮሌት በማምጣት ከሴቶቹ መካከል ምሥጢር የምትባለውን ያህል የሚተጋ አልነበረም። ምሥጢር ደስማ በሚባል ሌላ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድር። ሳምንቱን የሰው ልጅ ስታጥብና ስታለብስ ሰንብታ አርብ ስትመጣ፣ ደረጃው ላይ “ምሥጢርዬ!” እያለች የምትሮጥላት ሜሮን ናት። የገዛ ልጇ ናኦል፣ የሜሮን እኩያ፣ አገር ቤት እናቷ ጋ ነው። ጥላው ስትመጣ ገና ዳዴ ይል ስለነበር በስልክ “እናትህን ሰላም በል” ሲሉት አያቱ ቀሚስ ውስጥ ይደበቃል። እንግዲህ ያቺ ሩጫ ለምሥጢር ቀላል ነገር አይደለችም።

አንድ አርብ ታዲያ ምሥጢር ገና ቦርሳዋን ሳትከፍት ሰብለወንጌል፣ “እንዳትቀየሚኝ፣ ቸኮሌቱ ይብቃ” አለቻት።

“ምን አደረገ ደግሞ?”

“ትምህርት ቤት ልጆቹን የጥርስ ሐኪም አይታቸው ነበር። የሜሮን መንጋጋ መበስበስ ጀምሯል አለች።”

ሳትጠየቅ መፍረድ የምትወደው የጎረቤት ክፍል ተከራይዋ ለምለም ከፍራሹ ላይ ሳቀች። “የወተት ጥርስ አይደል እንዴ! ይወድቅ የለ? እኛን ማን ሐኪም አየን?”

“ባያይሽ ነዋ በአንድ ጎን የምታኝኪው! እኔም የወተት መስሎኝ ነበር። ይሄ ግን በስድስት ዓመት ከኋላ የሚበቅለው ነው። አይወድቅም፤ ከሄደም ሌላ አይተካም።”

“በሳምንት አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ እኮ ነው” አለች ምሥጢር።

“የምታመጡት እስከ ረቡዕ አያልቅም። እኔም ከውበት ሳሎን ሥራ ደክሞኝ ስመጣ፣ ዝም ካሰኛት ብዬ ተውኳት።”

ምሥጢር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨመቀችው። ባዶ እጄን ብመጣስ ትሮጥልኛለች? ይሄ ደግሞ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም።

በሳምንቱ ሜሮን ሮጣ መጥታ እጇን ቦርሳው ውስጥ ከተተች። በረበረች። “የለም?”

“የለም የኔ ቆንጆ።”

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታት ገባች።

“አየሽ፣ ስትወድ የኖረችው ቦርሳሽን ነው!” አለች ለምለም። ሁሉም ሳቁ። ምሥጢርም የተከፈተ ቦርሳዋን እየዘጋች አብራ ሳቀች።

ከምሳ በኋላ ሜሮን ጥርስሽን ተፋቂ ብትባል ከእናቷ ጋር ግብግብ ገጠመች። ምሥጢር ብሩሹን ተቀበለች። የማዳሟን ልጆች በየማታው እሷ አይደለች የምትቦርሽላቸው? ከኋላ ቆማ አገጯን ቀና አደረገችና፣ “በል አፍህን ክፈት፣ ናኦልዬ” አለች።

ሜሮን ዞረች። “ናኦል ማነው?”

“ልጄ ነው።”

“እሱም ትልቁ ጥርስ በቅሎለታል?”

ምሥጢር አታውቅም። አገር ቤት የሚገባ ሰው በተገኘ ቁጥር ቸኮሌት እንደላከችለት ግን ታውቃለች። ብሩሹን እንደያዘች ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደወለች።

“እማዬ፣ ናኦልን አምጪው። መንጋጋውን ልየው።”

ልጁ እንደ ልማዱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ሜሮን በአረፋ የተሞላ አፏን ስልኩ ላይ ደቅና፣ “እኔን እየኝ! የኔ ጠቁሯል፣ ያንተስ?” አለችው።

መጀመሪያ አንድ ዓይን ብቅ አለ። ቀጥሎ የናኦል የተከፈተ አፍ ስክሪኑን ሞላው።

“ወደ ብርሃን አዙሪልኝ እማዬ” አለች ምሥጢር። “ቀስ ብለሽ።”