በደህና የታየበት ሰዓት

አብዱሰመድ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቅ ከከፈተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን ፊቱን አስተውሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ደንበኛ የሚያየው በመስኮቱ ፍርግርግ ብቅ ብሎ ስኳር የሚያቀብለውን እጅ ነው። ስሙን የጠየቀም የለም፤ "ባለሱቅ!" ብሎ መጣራት ይበቃል። ሚስቱና ልጆቹ ወራቤ ናቸው። እሱ ከመደርደሪያው ጀርባ በተዘረጋች ፍራሽ ላይ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ከፍርግርጉ አይርቅም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ስኳር ሊመዝን ሲጎነበስ ቀኝ ጎኑ ከዳው። በጤፉና በዱቄቱ ጆንያ መካከል ወደቀ። ሕመም አልተሰማውም። ደንበኞች እየመጡ "ባለሱቅ!" ሲሉ ይሰማል፤ ለመመለስ አፉን ይከፍታል፤ ቃል አይወጣም። ጥቂት ቆመው ወደ ሌላ ሱቅ ያልፋሉ። ብዙ ሰው እንዲህ እየተጣራ አለፈ።

ከሦስተኛ ፎቅ ዘይት ልትገዛ የወረደችው ላጢፋ ግን በፍርግርጉ አጮልቃ እግሩን አየች። በጩኸቷ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽቱለት" አለ።

"አፉ ተጣሞ እያየህ ምን ዳማከሴ ትለኛለህ? ተሸከም!" አለችው።

ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ ያስገባው የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ፈቀደ ነበር፤ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። ላጢፋም አብራ ገባች። ሰፊውና ባለሱቁ፣ ፈቀደ የልብስ መስቀያውን ወደ ሱቁ መስኮት አስጠግቶ ካቆመ ወዲህ፣ ማለትም አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰላምታ ተለዋውጠው አያውቁም። የቃሊቲ መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ሲፈጅባቸው ፈቀደ የታማሚውን እግር ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ቆየ።

ሆስፒታል እንደደረሱ አብዱሰመድን በጠባብ አልጋ አስተኝተው ቀለበት በመሰለ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ ጭንቅላቱን አስገቡት። "እንዳይንቀሳቀሱ" ብለውት ሁሉም ወጡ። በሩ ተዘጋ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። መሣሪያው በራሱ ዙሪያ እየጮኸ ሲዞር፣ ማንም ገብቶ የማያውቅበትን የውስጡን ቤት አሁን ከመስታወት ወዲያ የማያውቃቸው ሰዎች እንደሚያዩት አሰበ።

ዶክተር ትንቢት ምስሉን አይታ ፈጥና መጣች።

"አንጎላቸው ውስጥ የፈሰሰ ደም አይታይም። የደም ሥራቸውን የዘጋው የረጋ ደም ነው፤ የሚያሟሟ መርፌ አለን። ሕመሙ ከጀመራቸው አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ ግን አንሰጥም። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያያቸው ማነው?"

"እኔ ወድቀው ነው ያገኘኋቸው፤ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ላይ" አለች ላጢፋ። "ሱብሂ ላይ መስጊድ ሳይታዩ አይቀሩም።"

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። "አሁን ረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ከሱብሂ ከቆጠርን አልፏል፤ መርፌው ይቀራል።"

አብዱሰመድ የወደቀበትን ሰዓት ያውቀዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ቃሉን አእምሮው ውስጥ አጥርቶ ያየዋል፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው፤ የወጣው ሌላ ሆነ።

"ማክሰኞ" አለ። "ማክሰኞ፣ ማክሰኞ።"

"አዎ ጋሼ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለች ላጢፋ ደረቱን እየዳበሰች። እንባው በአንድ ወገን ጉንጩ ወረደ። ድንገት ወደ በሩ ዞራ፣ "አንተ ፈቀደ! ምን እዚያ ይገትርሃል? ግባ!" አለች።

"እኔ ከሱ ጋር አልነጋገርም።"

"ከኔ ጋር ይነጋገሩ" አለች ዶክተሯ። "ዛሬ አይተዋቸዋል?"

"እንዴት አላየውም? የሁለት ሰዓት ዜና በሬዲዮ ሲጀምር ውሃ ይዞ ይወጣል። አቧራውን ያርስና የተረፈውን እኔ ደጃፍ ይደፋል። ዛሬም ደፍቷል።"

"በየትኛው እጃቸው?"

"በቀኙ። ሙሉ ጆግ። 'ዛሬም አልተውከኝም?' ስለው፣ 'ደጃፍህ ከባለቤቱ ይልቅ ውሃ ያስፈልገዋል' አለኝ።"

"አንነጋገርም አላሉኝም?"

"ይሄ መነጋገር ነው እንዴ ዶክተር? ስድብ ነው እንጂ።"

"አንደበታቸው አልተሳሰረም?"

"ምላጭ ነው!"

ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልብ ይበሉ። ሰዓቱን ከተሳሳቱ መርፌው ራሱ ደም አፍስሶ ሊገድላቸው ይችላል። እርግጠኛ ነዎት?"

ፈቀደ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ጠቀለለ። አብዱሰመድ ያንን ፊት ትክ ብሎ አየው፤ የቀረው ተስፋ እዚያ ነበር።

"ዜናው ሲጀምር ነው። እርግጠኛ ነኝ" አለ ፈቀደ። ቀጥሎም ወለሉን እያየ፣ "ደንበኞች ሲጣሩ እኔም ሰምቻለሁ። ዝም ሲል ገርሞኝ ነበር። ብነሳ ኖሮ… የኔ ነገር! ደጁን መርገጥ ከበደኝ" አለ።

አብዱሰመድ ሰማው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መውጣት መግባቴን የሚያውቅ ፍጡር የለም ይል ነበር። ሊናገር ፈለገ፤ "ማክሰኞ" እንዳይል ፈርቶ አፉን ገጠመ።

መርፌው አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተሰጠው።

አብዱሰመድ በዘጠነኛው ቀን በምርኩዝ ከሆስፒታል ወጣ፤ ወንድሙ መጥቶ ወደ ወራቤ ወሰደው። ሱቁን በግንቦት ወር አንዲት የኮስሞቲክስ ነጋዴ ተከራየችው።