የቀትር ውሃ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም፣ መርሳትም አልፈልግም። የሰፈሩ ሰው «ተይ እንጂ እፀገነት፣ ለአንድ ቅጠል ብለሽ» ይለኛል። ቅጠል! እስቲ ነገሩን ልንገራችሁና ቅጠል ከሆነ እናንተው ፍረዱ።

መተማ ዮሐንስ መምህርት ነኝ። ተመድቤ ከጎንደር ስወርድ እናቴ ከፍሬ ያበቀለቻትን አንዲት ዘንባባ በወተት ጣሳ ተክላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ቆላ ብቻሽን አትግቢ» አለችኝ። ዓመት ሳይሞላ ሞተች። ቤቷን ወንድሞቼ ሸጡት፤ ገዢው ግቢውን ጠርጎ ፎቅ ጀመረበት። ከእናቴ እጅ የቀረኝ ያቺ ዘንባባ ብቻ ሆነች። ዘንባባ ደግሞ እንደ ሌላው አበባ ቀንጥባችሁ ሌላ ጣሳ ላይ አትተክሏትም። ልቧ አንድ ነው፤ እሱ ከሞተ አበቃ።

እዚህ አገር፣ ቤት ውስጥ አበባ ማሳደግ ቀልድ አይደለም። ያማረውን ሳይሆን የሚችለውን ነው የምትመርጡት። ከጎንደር በሚኒባስ የሚመጣው ስስ ቅጠል ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ወፋፍራሙን ሰበሰብኩ፤ የጎማ ዛፉን፣ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ከመደርደሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ሀረግ። ዘንባባዋን ግን ከዚሩ ሥር አኖርኳት። ዚር የመጠጥ ውሃ የምናቀዘቅዝበት የሸክላ ጋን ነው፤ ላቡ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲልላት ሥሯ በረድ ይላል። ጠዋት ጠዋት ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ ከእናቴ ጋር አወራለሁ። ለሆሳዕና እንኳ አንዲት ቅጠል አላስቆርጥም ነበር።

ባሌ ዳኛው የትራክተር ኦፕሬተር ነው። አይናለም ደግሞ ከደባርቅ የተመደበች ነርስ ናት፤ የሚከራይ ቤት እስክታገኝ ብዬ ቤቴ አስገባኋት። አበላኋት፣ ወባ ሲይዛት ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ አስታመምኳት። ከዚያ በኋላ ከባሌ ጋር የሆነውን ታውቁታላችሁ። ያጎረሰ እጄ ተነከሰ። የዳኛውን ልብስ ከነሻንጣው መንገድ ላይ ስጥል ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ያንን ውርደት እሱም አልረሳልኝም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ወንበሩ ያለ ጠብ ተከፋፈለ። አበቦቹ ላይ ስንደርስ ዳኛው «እዚህም ላይ ድርሻ አለኝ፤ አይናለም ሳሎኑ ባዶ ሆነባት» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ አብዱልሀኪም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «የሽርክና ሰሊጥ ስትካፈሉ እንዴት ነው? አንዱ ይከምራል፣ ሌላው ይመርጣል። ቤቱ ውስጥ የቀረችው እሷ ናት። እሷ ነገ ለሁለት ትከፍላለች፣ አንተ ትመርጣለህ» አሉ።

«እርስዎ ካሉ እሺ ሐጂ» አልኩ። ውስጤ ግን ተንኮል እየፈላ ነበር።

የዚያን ቀን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ። የጎማ ዛፉን፣ ጎራዴውን፣ ሀረጉን ወተት በነካ ጨርቅ ወለወልኳቸው፤ አብረቀረቁ። ዘንባባዋን ከዚሩ ሥር አንስቼ የተሰነጠቀ ባልዲ ውስጥ ከተትኳት፣ የታች ቅጠሎቿን ቆረጥኩ፣ ከደጅ አቧራ ዘግኜ በተንኩባት። «እናቴ ይቅር በይኝ፣ ላድንሽ ብዬ ነው» አልኳት። በማግስቱ የሚያብረቀርቁትን ሁሉ በአንድ ወገን ደረደርኩ፤ በሌላው ወገን ዘንባባዋን ከአንድ እሬት ጋር ብቻ።

አይናለም ገና ስታይ የዳኛውን ክንድ ጎተተች። «የጎማ ዛፉ ያለበትን» አለችው በሹክሹክታ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ዳኛው ግን አበቦቹን አላያቸውም፤ የሚያየው እኔን ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ወደ ባልዲው ጠቆመ።

«እሷን» አለ።

ሐጂም ገረማቸው። «ልጄ፣ ደህና አድርገህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ከገባን ጀምሮ ወደዚያች አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለችም። አብሬያት ኖሬ ይቺን ላጣት ነው?» አለ። ባልዲውን አንስቶ በአጠገቤ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ፣ «ደጄ ቆመሽ ትለምኚኛለሽ» አለኝ። ኸላስ፣ አለቀ፣ ተፈረደ። ሽማግሌ ፊት የተመረጠ አይመለስም።

አልለመንኩም። ብሞት አልለምንም። በእነሱ ደጅ ማለፉን ትቼ ትምህርት ቤት የምሄደው በገበያው ዞሬ ሆነ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ተውኩና ቂሙን ያዝኩ።

ሚያዝያ ገባ፤ ሙቀቱ አናት የሚበሳበት ወር። ዳኛው ለእርሻ ምንጠራ ወደ ሽንፋ በረሃ ወርዷል። አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት አይናለም ናት። ፊቷ ገርጥቷል።

«እትዬ እፀገነት፣ እባክሽ እንዳትዘጊብኝ» አለች። «ዘንባባዋ ቢጫ እየሆነችብኝ ነው። ዳኛው ሲሄድ ‹እሷ ከሞተች ወዮልሽ፣ እፀገነትን የማንበረክካት በእሷ ነው› ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

«እስካሁን ምን ስታደርጊላት ነበር?» አልኳት፣ በሩን ሳልለቅ።

«ሙቀቱ ያቃጥላታል ብዬ ቀትር ላይ ከሮቶው እየቀዳሁ አጠጣታለሁ። በየቀኑ።»

ደጋ ያደገ ሰው ቆላ ሲወርድ የሚሳሳታት ስህተት ይቺ ናት። እነሱ አገር ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ጥርስ ያደነዝዛል። እዚህ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሮቶ በሚያዝያ ቀትር የሚያወርደው ሻይ ለመሆን ትንሽ የቀረውን ውሃ ነው፤ እኛ እጃችንን እንኳ አንታጠብበትም። ልጅቱ ሳታውቀው የእናቴን ዘንባባ ሥር በየቀኑ እየቀቀለችው ነው።

የምትፈልገው አንድ ቃል ነበር። «በማለዳ፣ ከዚር ቅጂ» ብላት ዘንባባዋ ትድናለች። ከዳነች ግን እነሱ ሳሎን ቆማ ታድጋለች፣ ቅጠሏን የዚች እጅ ይጠርገዋል፣ ዳኛውም እስክንበረከክለት ይጠብቃል። አይናለምን ከእግር እስከ ራሷ አየኋት። የለበሰችው ነጠላ እኔ የሰጠኋት ነው።

«ውሃ አሳንሰሽባት ነው» አልኳት። «ጨምሪላት።»

«ቀትር ላይ?»

«ቀትር ላይ። እስክትጠግብ አጠጫት።»

እጄን ይዛ ሳመችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቂም የያዝሽብኝ መስሎኝ ነበር» አለች። በሩን ዘጋሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ቀትር በደረሰ ቁጥር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እጄ ቀጥ ይላል። አሁን ቀዳች፣ አሁን አፈሰሰችባት እላለሁ። ሮጬ ልነግራት እችል ነበር፤ ቤቷ ሩቅ አይደለም። አልሮጥኩም።

ዳኛው ከበረሃ ሲመለስ ባልዲውን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። የዘንባባዋ ቅጠል ደርቋል፤ ልቧን ነካ ሳደርገው እንደ በሰበሰ ሙዝ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

«ምን ብለሻት ነው?» አለኝ።

«የጠየቀችኝን መለስኩላት።»

«የእናትሽ እኮ ናት እፀገነት። የእናትሽ።»

«የእናቴ ናት። እሷ ከሄደች ከእንግዲህ በምን ትይዘኛለህ?»

ባልዲውን እዚያው አስቀምጦ ሄደ።

ደስ አለኝ። ማንም ተጸጸተች ብሎ እንዳያወራብኝ፤ ደስ ብሎኛል። አይናለም ላይ ሲጮህባት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ብዙም ሳትቆይ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ደባርቅ ተሳፈረች፤ ያንንም ስሰማ ደስ አለኝ። እሱ አሁን ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ነው የሚያድረው።

ከዚያ የግቢዬን ጥግ ቆፈርኩ። መሬቱ ደርቆ ዶማውን እየመለሰው፣ እያለቀስኩ ቆፈርኩ። እናቴ ጎንደር ስትቀበር መንገድ ተዘግቶ አልደረስኩም ነበር። በዚህኛው ግን ከመግደሉ እስከ አፈሩ ድረስ እኔው ነበርኩ።