ካይፈንግን የከፈታት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ባየሽ ደግሞ መመንጠር አልወድም።

ታናሽ እህቴ የምሥራች ሰኞም ረቡዕም ከኩላሊት እጥበቷ ቀረች። ደውዬ ስጮህባት፣ «ነቢይ አክሊል ተፈውሰሻል፣ ማሽኑን አቁሚ አለኝ» አለች። እጥበቱ ከቆመ ሁለት ሳምንት አትቆይልኝም! ደሜ ፈላ። ድሮም ሰውዬውን አላመንኩትም፤ ከዴንቨር በመጣ በሳምንቱ የቸርቻችንን ሰው ሁሉ በስም ያውቃል። ማን ነገረው? በዚያ ላይ ሲጸልይ ቤተሰብ ውጭ ይቁም ይላል። ምን እንዳናይ ነው?

ሐሙስ ጠዋት ሪችፊልድ፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሚስተር ሉ፣ ቻይና የታሪክ መምህር ነበሩ። እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ ጉዴን ነገርኳቸው።

«ካይፈንግ!» አሉና ታሪኩን አወጉኝ።

የቻይና የሶንግ ነገሥታት ዋና ከተማ ነበረች፣ የዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት ግድም። ጠላት ሲከባት፣ ጉዎ ጂንግ የሚባል ወታደር «በአስማት እጨርሳቸዋለሁ» ብሎ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ሰው በልደት ቀኑ እየመረጠ ሰበሰበ። ከዚያ፣ ማንም እንዳያይ ጠባቂዎቹ ከግንቡ ይውረዱ አለ። ወረዱ። የሰበሰባቸው ሰዎች እንዲወጡ በሩ ተከፈተ፣ ጠላት ገባ፣ ጉዎ ጂንግም እግሬ አውጪኝ አለ።

«ይኸው! አላልኩም?» አልኩ።

«ቆይ እንጂ» አሉ ሚስተር ሉ። «ጠባቂዎቹ ሞኝ መሰሉሽ? መጠበቅ ሰልችቷቸው ነበር። ውረዱ የሚላቸው ሰው አገኙ።»

እኔ መች ሰማሁ። ሺፍቴ እንዳለቀ ኩን ራፒድስ፣ እህቴ ቤት ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ነቢዩ ሶፋዋ ላይ ተቀምጧል።

«አንተ ሌባ!» አልኩት። «እህቴን ልትገድላት ነው?»

ብድግ አለ። «እትዬ ባየሽ፣ እኔ አቁሚ አላልኳትም። አታቋርጪ ብዬ ልለምናት ነው የመጣሁት።»

«ውሸታም!»

«እውነቱን ነው» አለች የምሥራች። «እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። እንድድን ጸልይልኝ አላልኩትም፤ ይብቃሽ ይለኝ እንደሆነ እግዜርን ጠይቅልኝ ነው ያልኩት። ስድስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን! ደከመኝ ብልሽ ትቆጪኛለሽ። ነቢዩ ነው ካልኩሽ ግን እሱን ትይዣለሽ።»

ሐኪሙን ጠርጥሬያለሁ፣ ነርሷን ጠርጥሬያለሁ፣ ኢንሹራንሱን ጠርጥሬያለሁ። እሷን ግን አንድ ቀን ደከመሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። አፈርኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች፣ ስታየኝ። «ግን ስታደርሺኝ እንደለመድሽው መኪና ውስጥ አትጠብቂኝ፣ አብረሽኝ ግቢ። አራት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ነው የማየው።»

ዓርብ ከሥራ ቀርቼ አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መርፌው ሲገባ እጄን ጨመቀችኝ።

«አንድ ቀን ይበቃኛል እላለሁ» አለች። «ያኔ ማንንም እንዳትጠረጥሪ፣ ባየሽዬ። እኔ ነኝ።»

«እሺ» አልኳት። ከልቤ አልነበረም።