ጠብ እንዳትል

ሩስሚኒን ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ጠብታ» ነበር የሚላት። ፊት ለፊቷም ይሏታል፣ አትቀየምም። የእኛ ጉኑንግኪዱል ድንጋዩ ዝናቡን እንዳለ ውጦ የሚያስቀር አገር ነው። በጋ ገብቶ ውሃ በቦቴ ሲመጣ፣ ያውም ሾፌሩ ደስ ሲለው ብቻ ሲመጣ፣ ቆጣቢ መባል ስድብ አይደለም።

ባሏ ጃካርታ ፎቅ ሲሠራ ስለሚከርም ሁለቱን ልጆቿን ብቻዋን ነው ያሳደገቻቸው፤ ያሳደገቻቸውም በዚሁ በውሃ ሕግ ነው። ሩዝ የታጠበበት ለዶሮ። ሳህን የታጠበበት ለሙዙ። ገላ ሲታጠቡ ከእግራቸው ሥር ቀይ ሳፋ ይቀመጣል፤ የተጠራቀመው ለቃሪያው ነው። ጣሳው አፍ ላይ የምትቀረው የመጨረሻዋ ጠብታ እንኳ መሬት አትወርድም፣ በመዳፍ ተቀብለው ፊታቸውን ያብሱባታል። ላራስ፣ ትልቋ፣ ይህን ሁሉ ሳይነገራት ታደርጋለች። ትንሹ ዳኑማ ጉድ ነው! ገና አፉን በቅጡ ሳይፈታ «ጠብ እንዳትል!» ማለት ችሎ ነበር። ጎረቤት እግሩን ሲታጠብ ካየ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኽበታል።

«ቡ ፓርሚ! ጠብ እንዳትል!»

«አንተ ሽማግሌ፣ እናትህ ናት የላከችህ?» ትለዋለች ጎረቤታቸው ቡ ፓርሚ እየሳቀች፤ «ቡ» እኛ ዘንድ «እትዬ» ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ነገር ላይ ወይዘሮ ጠብታና ሰፈሩ አይስማሙም ነበር፣ እሱም የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ነው። እኛ ዘንድ ገንዳው ከግድግዳው ጋር በሲሚንቶ ይሠራል፣ ሰው በጣሳ እየቀዳ ይታጠባል፤ በየሳምንቱ ደግሞ ውሃው ተደፍቶ ገንዳው በብሩሽ ይፈተጋል። በቀን የምትናከሰዋ፣ እግሯ ዝንጉርጉር የሆነችው ቢንቢ የምትፈለፍለው የቆመ ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ወባ ሳይሆን ሌላ ትኩሳት እያመጣች ስንት ሰው ጨርሳለች! ለዚህ ነው የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ባትሪ ይዘው ቤት ለቤት ገንዳ የሚያዩት።

«ገንዳ ሙሉ ውሃ ልድፋ? አብጃለሁ እንዴ!» ትላለች ሩስሚኒ። ክዳን አለው፣ በጨርቅ አጥልላ ትቀዳለች፣ ሌላ ምን ይሁን?

ክዳኑ ግን አንድ ጥጉ ተሰብሯል። ከመስከረም በኋላ ውሃው ውስጥ ደቃቃ ትሎች እየተጥመለመሉ ይወጡ ይወርዱ ጀመር። ዳኑ ወደዳቸው። «ዓሦቼ» አላቸው። ሲታጠብ እንዳይቀዳቸው ጣሳውን ቀስ አድርጎ ነበር የሚያጠልቀው።

«እማ፣ መቼ ነው የሚያድጉት?»

«ሲያድጉ እንጠብሳቸዋለን» አለችው እናቱ፣ እየሳቀች። አዎ፣ ሳቀች። ምን እንደሆኑ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ቦቴው ከመጣ ሰንብቷል፣ ሲመጣ እደፋዋለሁ ብላ ነው።

ቦቴው ሳይመጣ የቡ ፓርሚ ተራ ደረሰ። ሩስሚኒ የባትሪዋን ብርሃን ከአጥሩ ማዶ ስታይ ላራስን ጎትታ ጆሮዋ ሥር፣ «ትናንት ደፍተን ፈተግነው በያት። እኔ የለሁም» አለቻት።

«ውሸት እኮ ነው፣ እማ።»

«ውሃ ለማዳን ነው። ይሄ ውሸት አይባልም። ሂጂ!»

ሩስሚኒ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሆና ሰማች። ልጇ የተባለችውን አንድም ሳታጎድል ተናገረች።

«ጎበዝ» አለች ቡ ፓርሚ። ባትሪዋንም አጠፋች። «የእናንተ ቤት እንኳ አያሰጋም። አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም።»

ላራስ እራቷን አልበላችም። ሩስሚኒ አይታ ሳህኑን ከደነችው።

ብዙም ሳይቆይ ዳኑ በትኩሳት ነደደ። ዓይኔ፣ አጥንቴ እያለ ያለቅሳል። ሩስሚኒ ቀይ ሽንኩርት ከኮኮናት ዘይት ጋር ወቅጣ ጀርባውን አሸችው፣ የኮኮናት ውሃ አጠጣችው፣ አላህን ለመነች። ትኩሳቱ አልለቅ ሲል፣ ነገ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ አለች። ሲነጋ ግን ልጁ በረደ። ግንባሩን ብትነካው ቀዝቃዛ ነው። እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኛ ሰዎች ትኩሳት በረደ ካልን ዳነ ማለታችን ነው። ይህች የቢንቢዋ በሽታ ደግሞ ሰው የምትገድለው ልክ ስትበርድ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ልጅ ከቀበርን በኋላ ነው።

ሩስሚኒ የሩዝ ገንፎ ሠራችለት፣ እሱ ግን ሊቀምሰው አልፈለገም። ቡ ፓርሚ ልትጠይቅ መጥታ እጁን ያዘች፣ ከዚያም ክንዱን ገልጣ ቀያዮቹን ነጠብጣቦች አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?»

«ዛሬ በረደለት እኮ! ተመስገን ነው።»

«ሩስሚኒ! ይሄ መዳን አይደለም! ሞተረኛ ጥሩ! ቶሎ በሉ!»

ከሞተረኛው ኋላ ተቀምጣ አቅፋው ሄደች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ እቅፏ ውስጥ ከብዷት ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

አስከሬኑን ለማጠብ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ድርቅ ወቅት ያለውን ውሃ ተሸክሞ መጣ። አንዱ በጀሪካን፣ አንዷ በድስት። የራሳቸው ልጆች የሚጠጡትን ነው ያመጡት። ከሩስሚኒ ገንዳ ማንም አልቀዳም። ዳኑን ጓሮ ውስጥ ሳንቃ ላይ አስተኙት። ሴቶቹ ከበቡት፣ ቡ ፓርሚም የመጀመሪያውን ጣሳ አነሳች።

ላራስ ያኔ መጣች። ከቤት የወጣችው ቀዩን ሳፋ ይዛ ነው። ማንንም ሳታይ ጎንበስ ብላ ከሳንቃው ሥር፣ ውሃው የሚወርድበት ላይ፣ አስተካክላ አስቀመጠችው።

ሴቶቹ ደነገጡ። «ኧረ በአላህ! ልጅቷን ውሰዷት!» አለች አንዷ።

«ለቃሪያው ነው» አለች ላራስ። «ጠብ እንዳትል ትዪ የለ፣ እማ? ሁሉንም እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት። ለቡ ፓርሚም እንዳልሽኝ ነው ያልኳት።»

ቡ ፓርሚ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ሩስሚኒ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ልጅቷ በድንጋጤ ትቀባጥራለች ብለው ያልፉታል። ላራስ ግን ያንን ዝምታ ተሸክማው ታድጋለች።

«ገንዳውን አልደፋነውም» አለች ሩስሚኒ፣ ሁሉም እየሰማ። «ትሎቹን አይቻለሁ። ይህችን ልጅ ዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት እንጂ እሷ አይደለችም። ሰምታችኋል?»

ሩስሚኒ ሳፋውን ከሳንቃው ሥር ጎትታ አወጣችው፣ ከቡ ፓርሚ እጅ ጣሳውን ተቀብላ ሞልታ ለልጇ ሰጠቻት።

«ድፊ፣ የኔ እናት። እጠቢው። ዛሬ አትቆጥቢ።»

ላራስ በወንድሟ ደረት ላይ አፈሰሰች። ውሃው በሳንቃው አልፎ መሬት ላይ ወረደ፣ ድንጋዩም ጠጣው። ጣሳው ባዶ ሲሆን ግን እጇ እንደለመደው አደረገ፤ አፉ ላይ የቀረችውን ጠብታ በመዳፏ ተቀበለችና የዳኑን ፊት አበሰችባት።