ገንደ ቦሩ ሰው አለበት

ከዋጃ ወደ ቆቦ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ለቆ፣ ፀሐይ መውጫውን ይዞ ሦስት ሰዓት በእግሩ የሄደ ሰው ገንደ ቦሩን ያገኛል። ካላገኘ ጥፋቱ የራሱ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ግርጌ አለ። በምዕራብ ከክረምት በቀር ውሃ የማያይ አሸዋማ ወንዝ አለ። በሰሜን ግራር ነው፤ በደቡብ የክርስቲያኑና የእስላሙ መቃብር ጎን ለጎን። ሃያ ሦስት አባወራ ነን። ጎርፍ ሲመጣ ማሽላ እንዘራለን፤ ሳሩ ሲያልቅ ከብት ተከትለን እንሄዳለን።

አገሩን ያቀናው ቦሩ የሚባል፣ ከእኔ በላይ ስድስተኛ አያቴ ነው። እኛ ዘንድ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ደጋው ላይ ሲጥል ግን ጎርፉ በወንዙ ይወርዳል። ቦሩ የግራር ቅርንጫፍ ነስንሶ፣ አሸዋ ከምሮ፣ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳ መለሰው። ሌሎቹ ይህን አይተው መጡ፤ ሰባት ጎጥ ሆኑ። ጎርፉንም በተራ ተካፈሉት። ቦሩ ለእንግዶቹ ክብር ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጎርፎች ለቀቀላቸውና አራተኛውን ያዘ። ሽማግሌዎቹ ቸርነት ይሉታል። እኔ ሞኝነት እለዋለሁ።

ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ልናገር ብድግ ብዬ ነበር። ቆቦ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስድስተኛ ክፍል ስማር፣ መምህሩ አገራችንን እንድንናገር ጠየቀን። ገንደ ቦሩ አልኩ። ካርታው ላይ አሳየን አለኝ። ወጣሁ፤ ፈለግሁ፤ የለም። ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ዘካሪያስ የሚባል የነጋዴ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጫካው» አለኝ፤ ሌላውም ተቀበለው። ዓመቱን ሳልጨርስ ትምህርቱን ተውሁት። ሃያ ዓመት አለፈው። የሚረሳ የሰደበ ነው እንጂ የተሰደበ አይረሳም።

በዘጠና ሰባት ግንቦት፣ ሰዉ ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ዞብል ወጣ። እኔን እግሬን አሞኝ ስለነበር ሰፈር ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ በሮቹ በእሾህ ይዘጋሉ። ጠባቂው ደግሞ ለማያውቀው ሰው አንድ መልስ ብቻ አለው፦ ሰውም ከብትም የለም። ከብቱ የት እንደሄደ የሰማ መንገደኛ ለዘራፊ ይናገራልና። አባቴም፣ የአባቴም አባት እንዲህ ሲሉ ኖረዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ቦርሳ አንግተው መጡ። አንደኛው ጃንጥላ ይዟል። አወቅሁት፤ ዘካሪያስ ነው። እሱ አላወቀኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የሚኖር አለ?»

«ሰውም ከብትም የለም።»

«እነዚህ ጎጆዎችስ?»

«የተተዉ ናቸው። ባለቤቶቹ ከሄዱ ቆዩ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ፍየል ጠፍቶብኝ ነው።»

ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ የቀለም ቆርቆሮ ከፈተና «ና፣ ጣትህን አምጣ» አለኝ።

«ምን ሊያረግልህ? እኔ እፈርማለሁ።»

«ትችላለህ?» ብሎ ሳቀ። ያው ሳቅ ነው።

እስክሪብቶውን ነጠቅሁት። የፊርማዬን ጅራት እስከ ወረቀቱ ጫፍ ጎትቼ ፈረምሁ። ከፊርማዬ በላይ ያለውን አላነበብሁትም። በዚያ ሐሩር ሦስት ሰዓት በከንቱ መጥቶ ሦስት ሰዓት በከንቱ ሲመለስ እያየሁ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረመ።

በሐምሌ፣ ሰዉ ከዞብል ከተመለሰ በኋላ፣ አስካለ ከቆቦ ገበያ ወሬ ይዛ መጣች። አስካለ አራት ልጅ ያላት፣ ምላሷ የማያርፍ ባል የሞተባት ሴት ናት። ለሌላው ጎጥ ሁሉ አረንጓዴው የመሬት ደብተር ሊታደል ነው፤ ገንደ ቦሩ ግን ሰው አልባ መሬት ተብሎ ተጽፏል፤ ለሌላ ሊሰጥ ነው፤ መዝገቡም ቅዳሜ ይዘጋል። ይህን ሰዉ በተሰበሰበበት ተናገረችና ስሜን ጠርታ ወደ እኔ ዞረች።

«እንዳለው! ምስክሩ አንተ ነህ አሉ። ፊርማ የሚችል ሰው አለን ብለን ስንኮራ፣ ለካ ቀባሪያችንን ኖሯል ያሳደግነው።»

«ልማድ ነው። አንቺም ብትሆኚ ያንኑ ትይው ነበር።»

«እለው ነበር። ግን አልፈርምም፤ አልችልማ!»

ሰዉ ሳቀ። መሬቱ ሊሄድበት ነው፣ በእኔ ግን ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አንዳንዱ ፊርማውን ካደው አለኝ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ። ይኸኛው ከበደኝ። እኔ ያጠፋሁትን እኔ አቀናዋለሁ ብዬ ዱላዬን አነሣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት አያ መህዲ ዘንድ ነው። አያ መህዲ የሰባቱም ጎጥ የውሃ አባት ናቸው፤ የጎርፉን ተራ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ጎጣቸው ከእኛ በታች ነው፤ አምስተኛውን ጎርፍ ይጠጣል። ገንደ ቦሩ ከጠፋ አራተኛው ለእነሱ ነው።

«እመሰክራለሁ» አሉኝ። «የሌለ ሰው ጎርፍ አይጠልፍም፤ ይህን ሰባቱም ጎጥ ያውቃል። ግን አንተ ቀድመህ ተናገር። በውሸትህ ላይ እውነቴን አልከምርም።»

«አያ መህዲ፣ ልማዱን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ልማዱ ለማታውቀው ሰው ነው። ያስፈረመህን ልጅ ታውቀው ነበር?»

ዝም አልሁ።

«ወላሂ፣ አንተስ ዝምታህም ያነክሳል» አሉኝ።

ሐሙስ ቀን ከጎጣችን ሰዎችና ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድን። እግሬ አላስኬድ ቢለኝም በቅሎ አልለመንሁም። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ፤ ቃላቸው አጭር ነው። የመሬት መዝጋቢው ዘካሪያስ መዝገቡን ታቅፎ ከጎናቸው ተቀምጧል።

«የቆላ ሰው መሬት ሲባል ከያለበት ይመጣል» አላቸው። «ግንቦት ላይ አንድ ነፍስ አላየሁም። ሃያ ሦስት አባወራ በሁለት ወር ተወለደ?»

ከጥግ ያሉት ሳቁ።

«ሳቁን ተዉት» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «በምስክር የተጻፈ፣ ምስክሩ ካላፈረሰው አይፈርስም። ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

ከኋላዬ አንዱ «አይደለም በል» አለ በሹክሹክታ።

«የእኔ ነው» አልሁ። «ዋሽቼ ነው የፈረምሁት።» ልማዳችንንም ነገርኋቸው፤ እሾሁን፣ ከብቱን፣ ዘራፊውን።

ዘካሪያስ ብድግ አለ። «ጃንጥላ የያዘ ሌባ የት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ሌባ መሰልሁህ?»

አዎ ብል ያልቅ ነበር። ሰዉ ሁሉ ያምነኛል፤ የአባቶቼም ልማድ ይሸፍነኛል። አያ መህዲን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

«አልመሰልኸኝም» አልሁት። «ዘካሪያስ መሆንህን አውቄ ነው። ስድስተኛ ክፍል ጫካው ብለኸኛል። በከንቱ ስትንከራተት ልይህ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ዘካሪያስ አገጩን አከከ።

«እኔ... አላስታውስም» አለ።

እውነቱን ነው፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ይህ ከሳቁ ይልቅ አመመኝ።

አስካለ ከበሩ ሆና «ላንዲት ስድብ ብለህ ሃያ ሦስት ቤት?» አለች። አልጮኸችም።

«አዎ።»

ያን ጊዜ አያ መህዲ ተነሡ። «ቢስሚላህ። አራተኛው ጎርፍ የገንደ ቦሩ ነው። ከአያቴ እንዲህ ተረከብሁት፤ አምና እራሴ ቆሜ አጠጥቻቸዋለሁ። እነሱ ከሌሉ ተራው ለእኔ ጎጥ ነው። የምናገረው በገዛ ጥቅሜ ላይ ነው» አሉ። የላይኞቹ ጎጦች ሽማግሌዎችም ልክ ነው አሉ።

ወይዘሮ የሻረግ ወረቀት ወደ እኔ ገፉ። «በገዛ እጅህ ጻፍ። አውቄ ዋሸሁ በል። ከዛሬ ጀምሮም በዚህ ቀበሌ ለማንም ምስክር መሆን አትችልም። ለወንድምህም ቢሆን።»

ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምሁ።

ማሳው እስከ ቅዳሜ ተለክቶ መዝገብ መግባት ነበረበት። ዓርብ በማለዳ ዘካሪያስ መጣ። የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚይዝለት ሰው ጠየቀ። ሰዉ የጎርፉን መጥለፊያ ሊጠግን ወንዝ ወርዷል፤ የቀረውም ከእኔ ጋር መቆም አልፈለገም። እኔ ያዝሁለት። ከመቃብሩ ጀምረን በግራሩ በኩል ዞርን። የማን ማሳ እንደሆነ፣ ከማን እንደሚዋሰን፣ ቦዩ በየት እንደሚገባ እየነገርሁት ጻፈ። የአስካለን ማሳ ስንጨርስ ቀትር ሆነ፤ እግሬ አብጧል።

ዘካሪያስ ላቡን ጠረገ። «ስማ እንዳለው፣ ያ ያልከው ነገር... ልጅነት ነው። ይቅር በለኝ።»

«አልልህም» አልሁት። «ገና አሥራ ሁለት ማሳ ይቀረናል። ገመዱን ወጥር።»

ወጠረ።