የሆልደኑ ሽቦዎች

ሊንዚ ፓስኮ የጋራዡን በር ሲከፍት ገና ማለዳ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ቀድሞት ገብቷል። ሚልዱራ ከተማ ውስጥ የበጋው ጥር ከገባ ወዲያ ሌሊቱም እረፍት አይሰጥም። ትናንት በአርባ አራት ዲግሪ ሲነድ የዋለው የቆርቆሮ ጣሪያ እስካሁን አልበረደም።

አንድ እርምጃ ገብቶ ቆመ። ከመኪናው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ነጫጭ የወረቀት ቁራጮች ተበትነዋል። አንዱን አነሳው። በራሱ የእጅ ጽሑፍ «የግራ ፍሬቻ» ይላል። ወረቀቱ የተለጠፈበት ፕላስተር ሙጫው በሙቀቱ ደርቆ እንደ ትቢያ ረግፏል። ቀና ብሎ ከመሪው ፊት ወዳለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ወደ ክሩስኮቱ፣ ቢያይ፣ ከሥሩ ሠላሳ የሽቦ ጫፍ ራቁቱን ተንጠልጥሏል። አንድም ወረቀት አልቀረበትም።

የስልሳ አራት ሞዴሉን ሆልደን መኪና ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነው። ሞተሩንም ፍሬኑንም በእጁ አድሷል። አሮጌውን የኤሌክትሪክ መስመር አውጥቶ አዲሱን ሲዘረጋ፣ እያንዳንዱን ሽቦ እንደቆረጠ ወዲያው በሁለቱም ጫፉ ስሙን እየጻፈ ለጥፎበታል። ልጁ ብሪዮኒ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ሦስት ጊዜ ላግዝህ ብላው ሦስት ጊዜ እምቢ ብሏታል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ሊንዚን ጠንቃቃ ሰው ነው አለው። ቀይና አረንጓዴ መለየት እንደማይችል የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሚስቱም ብትሆን ሸሚዙን የምትመርጥለት ግድ ስለሌለው ይመስላት ነበር።

ወደ ደጅ ወጣ። ተመለሰ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ፒንሳውን አነሳ፣ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። ብሪዮኒ ከምትሠራበት የማዕድን ቦታ ትናንት ማታ ገብታ እዚያው ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ነገ ጠዋት ተመልሳ ትበርራለች። ከእንቅልፏ ከመነሳቷ በፊት ጥቂቱን እንኳ ገጣጥሞ ቢጠብቃት ማንም ምንም አያውቅም።

«ይሄ ወፍራሙ የባትሪው ነው» አለ ለራሱ። «ይሄ ደግሞ... የክላክሱ መሆን አለበት።»

ከወፍራሙ ጀምሮ አምስት ሽቦ ገጠመ። ስድስተኛውን ሳይጨምር፣ ልቡ አላስቀምጥ ስላለው ብቻ፣ ሄዶ ባትሪውን አገናኘ። ተመልሶ ክላክሱን ተጫነ፤ አልጮኸም። ከክሩስኮቱ ሥር ጭስ ቡልቅ አለ። ሮጦ ባትሪውን ሲነቅል ጣቱን ተቃጠለ።

«ምን እያቃጠልክ ነው?» ብሪዮኒ በባዶ እግሯ፣ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንም። አቧራ ነው።»

«አቧራ ፕላስቲክ ፕላስቲክ አይሸትም፣ አባዬ።» ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ቀና ስትል ግንባሯ ተኮሳትሯል። «ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ነው እኮ ያሰርከው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ሙከራ ነበር።»

ወለሉ ላይ የተበተነውን ወረቀት አየች፣ ሽቦዎቹን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ኩባያዋን አስቀምጣ ከጥጉ ሁለት ቁራጭ ሽቦ አነሳችና ፊቱ ዘረጋችለት።

«አረንጓዴውን ስጠኝ።»

«ተዪ እንጂ፣ የልጅ ጨዋታ...»

«አባዬ፣ አረንጓዴውን ስጠኝ።»

እጁ ወደ አንዱ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ወደ ሌላው ዞረ። መጨረሻ ላይ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ ነዋ። ያወቅሁት ግን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ለኤሌክትሪክ ሙያ ልመዘገብ ሄጄ፣ ነጠብጣብ የሞላበት ክብ አሳዩኝና ውስጡ ያለውን ቁጥር አንብብ አሉኝ። እኔ ያየሁት ነጥብ ብቻ ነበር።»

«የትራፊክ መብራት ላይስ እንዴት ነው የምትነዳው?»

«ቀዩ ከላይ ነው።»

ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን ሳቋን ዋጠችው። «ለኔ እኮ እንዲህ አላልከኝም። 'ሞክሬው የማይረባ ሙያ ሆኖ አገኘሁት፣ ጥዬው መጣሁ' ነው ያልከኝ። አራት ዓመት ስማር አራት ዓመት ስታንቋሽሽብኝ ከረምክ። የምረቃዬ ቀን እንኳ አልመጣህም።»

«ወገቤን አሞኝ ነበር።»

«ወገብህን!»

ወጥታ ሄደች። ጠጠሩ ላይ የእግሯ ድምፅ ወደ መኪናዋ ሲርቅ ሰማ፤ በሩ ተከፈተ፣ ድው ብሎ ተዘጋ። ሊንዚ ሊከተላት ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ከወረቀቶቹ አንዱን አንስቶ ማጣጠፍ ጀመረ፤ እስከማይታጠፍ ድረስ አጠፈው።

የሞተር ድምፅ ግን አልመጣም። ብሪዮኒ አንድ ቢጫ የሽቦ መፈተሻ መሣሪያና ከሱ ጋር የሚያያዝ ጥቅል ረጅም ሽቦ ይዛ ተመለሰች። ፊቱን ሳታይ መሣሪያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አሮጌ ቤት ስንሠራ ሽቦው ሁሉ በእድሜ አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖ ነው የምናገኘው። ያኔ ቀለም ማን ያያል? እኔ ኋላ ሄጄ ይሄን ረጅም ሽቦ ከአንዱ ጫፍ ጋር አገናኝቼ እይዛለሁ። አንተ እዚህ ሆነህ እያንዳንዱን በመሣሪያው ትነካለህ። የኔው ላይ ስትደርስ ይጮሃል።»

«ይሄን ያህል ቀላል ነው?»

«ለሁለት ሰው ቀላል ነው። ለብቻህ ግን አሳርህን ትበላለህ።»

ወደ ኋላ ሄዳ ተንበረከከች። እሱም ክሩስኮቱ ሥር ገብቶ በጀርባው ተኛ። አንድ ነካ፣ ዝም። ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። እግሩ ሲሚንቶውን መምታት ጀመረ።

«አትቸኩል!» አለች ከኋላ። «እግርህ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

ዘጠነኛው ላይ ጮኸ።

«የፍሬን መብራት» አለች። «ጻፍና እሰርበት። ሙጫ ሳይሆን ክር።»

አሰረ። ሁለተኛው ቶሎ ጮኸ፤ ሦስተኛው ቆየ። ስምንተኛውን አስሮ ሲጨርስ እጁ ቆመ።

«ብሪዮኒ።»

«አቤት።»

«ወገቤን አላመመኝም ነበር።»

የስምንተኛውን ክር እንደገና አጠበቀው።

«ቀንቼብሽ ነው» አለ። «ጥሩ ሙያ ነው። ያኔም ጥሩ ነበር።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ? ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ እየተጠበሰ?»

«ታዲያ መቼ ልንገርሽ? ነገ ትሄጃለሽ።»

«ይሄን ለመናገር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነበረህ፣ አባዬ።» ቀጣዩን ሽቦ ያዘች። «በል፣ ዘጠነኛውን ይዣለሁ። ንካ።»